ክብሩ የመንግሥት፣ ጉድጓዱስ የማን?

ከመሬት በታች ያለ ሀብት የማን ነው? ከላዩ የተወለደው ሰው ነው? ቆፍሮ ያወጣው ነው? ወይስ ሹም የሚልከው መንግሥት? ነገሩን በደፈናው ከምንከራከርበት በአንድ ከተማ ብንፈትነው ይሻላል፡፡ አዶላን እንውሰድ፤ በሌላ ስሟ ክብረ መንግሥትን፡፡

ስሙን ልብ በሉልን፡፡ በጉጂ ኦሮሞ ምድር በወርቅ ምክንያት ያደገች ከተማ የወጣላት ስም የነዋሪውን ክብር አያነሳም፣ የሠራተኛውንም አያነሳም፡፡ የመንግሥትን ነው እንጂ፡፡ ስም አውጪው ሳያስበው እውነቱን ተናግሯል!

ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ዘውዱ ከአዶላ ወርቅ ብዙ ተጠቀመ፡፡ ሥራው አካፋና ዶማ፣ ገበቴና የወንዝ ውሃ ነበር፡፡ አሸዋው እየታጠበ ይሄዳል፣ ከባዱ ወርቅ ከታች ይቀራል፡፡ ከቆፋሪው መካከል በፈቃዱ የሄደ እንዳለ ሁሉ ተይዞ በዘበኛ የተላከም ነበረበት፡፡ ወርቅ እየዛቀ ራሱ ነፃ ያልሆነ ሰው፤ ይኸ እንግዲህ ቅኔ አይደለም፣ ታሪክ ነው፡፡

ደርግ መጣ፡፡ ንጉሡን የሕዝቡን ገንዘብ በስዊስ ባንክ አሸሹ ብሎ ከሰሰ፡፡ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ፡፡ በወረቀት ጥያቄያችን ተመለሰ ማለት ነው፡፡ አዶላ ላይ ግን «ሕዝብ» የተባለው ሰውዬ ሲመጣ አልታየም፤ የቆየው የመንግሥት ድርጅት ነው፡፡ በሥርዓቱ ማብቂያ አካባቢ የለገደምቢ ትልቅ ጉድጓድ ሥራ ሲጀምር ዶማው በፈንጂ፣ ገበቴው በሳያናይድ ተተካ፡፡

ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ፡፡ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ደግሞ ለገደምቢ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ፡፡ ነዋሪው ከብቶቻችን አለቁ፣ ልጆቻችን ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ እያለ ሰልፍ ወጣ፤ ግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታገደ፡፡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው ቀጠለ፡፡

ታዲያ ወርቁ የጉጂ ብቻ ነው እንበል? እኛ የራያ ቆላ ልጆች ይህን ለማለት አፋችን አይደፍርም፡፡ በ1966 እና በ1977 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የሌላው አገር እህል ባይመጣ ኖሮ ስንቶቻችን እዚህ ክፍል እንቀመጥ ነበር? እያንዳንዱ ወረዳ የእግሩን ሥር ይዞ በሩን ቢዘጋ ድርቅ ያለበት ምን ይብላ? ስለዚህ ሀብቱን መካፈሉን አንቃወምም፡፡ የሚያስቆጣን አካፋፈሉ ነው፡፡ ወርቁን አገር በሙሉ ይካፈለዋል፣ መርዙን ግን የሚካፈል የለም፤ ለጎረቤት ወንዝ ብቻ ይቀራል፡፡ ጉዳቱን የሚሸከም ሰው የመጀመሪያው ቃል ሊኖረው ይገባል እንላለን፤ ጉድጓዱ ከመከፈቱ በፊት እኮ ነው፣ ከብት ካለቀ በኋላማ ምን ዋጋ አለው!

ይህ የሩቅ አገር ጨዋታ የሚመስላችሁ ካላችሁ ወደ ጎብዬ ኑ፡፡ በኛ ሜዳ ሥር ያለው ወርቅ ውሃ ነው፡፡ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ እየተሳበ ለመስኖ ውሏል፡፡ ነገ አንድ የተጠማ ትልቅ ከተማ ቧንቧ ይዞ ቢመጣ ምን እንመልሳለን? ከመካከላችን አንዱ ውሃ ለተጠማ አይከለከልም ይላል፡፡ ሌላው ደግሞ ጉድጓዱ ሲነጥፍ ማሽላውን ማን ያጠጣል ይላል፤ እስካሁን አልተስማማንም፡፡