የተሰበረውን ፈልጉ

ልጆቼ፣ በሸዋ ሮቢት ቀትር ቀና ብትሉ አሞራው ክንፉን ሳያርገበግብ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። እኛን የሚያደክመን የቆላ ሙቀት እሱን ያነሳዋል። እንደ እሱ መብረር ለምትመኙ፣ ምኞቱን አልከለክላችሁም፤ ውድቀቱን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ኢትዮጵያዊው አስመላሽ ዘፈሩ አብራሪ መሆን ቢመኝም ቁመቱ ከሚፈለገው በ1 ሴንቲሜትር አንሶ ተመለሰ። ቁመት በጥረት አይጨመር! እጁ ወደሚችለው ዞረና 570 ቀን ደክሞ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ፤ ስሟንም ኬ-570ኤ አላት። በ2007 ዓ.ም. ሊሞክራት ሲያስነሳት ፕሮፔለሯ ተሰበረ፤ ሳትበርም ቀረች። እሱ ግን እንደገና ሊሞክር ተነሳ።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሮቢ ወንዝን ውሃ በሞተር እየሳብኩ ሽንኩርት ሳለማ ነው። በወጣትነቴ ሞተሩ ሲቆም ዕድሌን እረግም ነበር፤ እኔ ስረግም መደቡ ይደርቃል። ሞተሩ የሚነሳው እርግማኑን ትቼ፣ ፈትቼ፣ የተሰበረውን ሳገኝ ነበር። ውድቀትን መቀበል ማለት ለእኔ ይኸው ነው። «አልተሳካልኝም» ብሎ ማልቀስ ብቻውን መቀበል አይደለም፤ «ይህ ተሰበረ» ብሎ በጣት ማሳየት ነው።

ሰባሪውን አግኝተው የጠገኑ ሌሎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 አሜሪካዊው ዊልበር ራይት አውሮፕላኑን ከልክ በላይ ቀና አድርጎ በ3 ሰከንድ ተኩል ውስጥ አሸዋ ላይ ጣላት። ከወንድሙ ከኦርቪል ጋር ጠገኗትና በ3ኛው ቀን ኦርቪል 12 ሰከንድ በረረ። ርቀቱ 37 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከአንዱ ማሳ ዳር እስከ ሌላው ማለት ነው። ዓለም ግን ከዚያች ተነሳ።

ደፋር ሁኑ እንጂ ጥንቃቄን አትናቁ። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ብዙ ጊዜ በክንፍ ተንሳፍፎ እ.ኤ.አ. በ1896 ከአየር ወድቆ ሞተ። ስለዚህ መጀመሪያ ዝቅ ብላችሁ ሞክሩ፤ ወድቃችሁ መነሳት ከምትችሉበት ከፍታ አትለፉ። መንስኤውን ሳታውቁም ለሁለተኛው ሙከራ አትቸኩሉ፤ ምክንያቱ ያልተገኘ ስብራት ይደገማል።

ዛፍ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል፤ የሚስቅባችሁ አይጠፋም። ለእሱ መልስ ስትሹ ጊዜያችሁን አታባክኑ። የተሰበረውን ቁራጭ ግን አትጣሉት፤ የሆነውን ጻፉበትና አስቀምጡት። ነገ አንድ የሮቢት ልጅ ክንፍ ልሥራ ብሎ ሲመጣ ከእናንተ ስብራት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የወደቃችሁት በከንቱ አልነበረም።