ከወንዙ ማዶና ከወንዙ ወዲህ

የምኖረው በአሜሪካ አገር፥ በጆርጅያ ግዛት ነው። ከቻታሁቺ ወንዝ ማዶ፥ በአላባማ ከሚኖር ሰው ሽጉጥ ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ የሌላ ግዛት ሰው በቀጥታ እንዲያስረክበኝ ስለማይፈቅድ፥ ሽጉጡ ፈቃድ ላለው የጆርጅያ ነጋዴ ተላከ፤ እርሱም ፎርም አስሞልቶ፥ መዝገቤን አስመርምሮ ሰጠኝ። ወንጀለኛ የተባልሁ መስሎኝ አኵርፌ ነበር።

በኋላ ግን የዚሁ የጆርጅያ ጎረቤቴ ሽጥልኝ አለኝ። የተከለከለ ሰው መሆኑን ካላወቅሁና ካልጠረጠርሁ፥ መዝገቡን አስመርምር የሚለኝ ሕግ የለም። ነገር ግን፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ሰሞን ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደ ነበር አውቃለሁ።

«ለምን ፈለግኸው?» አልሁት።

«ሕግ ያልጠየቀኝን አንተ ምን አገባህ?» አለኝ።

መልስ አላገኘሁለትም፤ ሽጉጡን ግን አልሸጥሁለትም። እስከ ዛሬም አኵርፎኛል።