ማስታወሻው ያልያዘው ገጽ

ሕፃናትን ስለ አንድ የታሪክ ሰው ማስተማር ቀላል ሥራ መስሎ ይታያል። ስሙን፣ ዘመኑንና ሥራውን ነግሮ ማስጠናት የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን የታሪኩ ባለቤት ራሷ ልጅ የሆነች እንደ ሆነ፣ ፍጻሜዋም በግፍ የሆነ እንደ ሆነ፣ መምህሩን አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም፣ «ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ እውነቱን ምን ያህል ልንነግረው ይገባል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የአን ፍራንክን የዕለት ማስታወሻ ይዘን ልንመረምረው አስበናል።

አን ፍራንክ በ1929 (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በጀርመን አገር በፍራንክፉርት ከተማ ከአይሁድ ወላጆች ተወለደች። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ሆላንድ ተሰደደ፤ የጀርመን ጦር ግን በ1940 ሆላንድንም ያዘ። በጁን 12 ቀን 1942፣ አን 13 ዓመት በሞላት ዕለት፣ ማስታወሻ የምትጽፍበት ደብተር ተሰጣት። ወር ሳይሞላም፣ በጁላይ 6 ቀን፣ ቤተ ሰቡ አምስተርዳም ውስጥ ከአባቷ መሥሪያ ቤት በስተኋላ በነበሩት ክፍሎች ተሸሸገ። ኋላም መግቢያው በመጻሕፍት መደርደሪያ ተሸፈነ። ስምንት ሰዎች ከሁለት ዓመት በላይ በዚያ ተደብቀው ኖሩ።

ይህን ታሪክ ለሕፃናት ስለ መንገር ሁለት ዓይነት አሳብ ይሰነዘራል። አንደኛው ወገን፣ «ሕፃን ልጅ በሞት ወሬ ለምን ይጨነቃል? መልካም መልካሙን ብቻ እንንገረው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «የተሸፈነ ግፍ ይደገማልና ሁሉን ሳናስቀር እንንገረው» ይላል። ሁለቱም የሚያስቡት ለልጁ ነው። ሆኖም የመጀመሪያውን ምክር የተከተልን እንደ ሆነ፣ ልጁ ሲያድግ እውነቱን ከሌላ ሰው ይሰማና በመምህሩ ላይ የነበረው እምነት ይጠፋል። ሁለተኛውን የተከተልን እንደ ሆነ ደግሞ ፍርሃት የልጁን ጆሮ ይዘጋዋል፤ የሬሳውን ብዛት እንጂ ልጅቱን አያስታውሳትም።

እኛ እንደሚመስለን መንገዱን የሚያሳየን ማስታወሻው ራሱ ነው። በውስጡ የምናገኛት ልጅ እንከን የሌለባት ቅድስት አይደለችም። በክፍል ውስጥ ብዙ በማውራቷ ተቀጥታለች፤ ከእናቷ ጋር ትጋጫለች፤ ደብተሯን «ኪቲ» ብላ እንደ ወዳጅ ታጫውተዋለች። አባቷ የልጆቹን ቁመት በግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጉ ነበር፤ አን በተሸሸገችበት ጊዜ ከ13 ሴንቲሜትር በላይ አደገች። መምህሩ አንዱን ተማሪ ከግድግዳው አጠገብ አቁሞ 13 ሴንቲሜትር በማስመሪያ ቢያሳየው፣ ከደጅ ሳይወጡ፣ ከጓደኛ ጋር ሳይሮጡ ይህን ያህል ማደግ ምን ማለት እንደ ሆነ ልጁ ያለ ብዙ ቃል ይረዳዋል። አስቀድሞ የሚያውቃትና የሚወዳት ልጅ ስትሆን፣ የደረሰባት በደል በደል መሆኑን ማንም ሳያስጠናው ይገባዋል።

ማስታወሻው የሚያበቃው በኦገስት 1 ቀን 1944 ነው። በሦስተኛው ቀን ስምንቱም ሰዎች ተያዙ። እንግዲህ ጸሓፊዋ ፍጻሜዋን ሳታውቅ ነው የጻፈችው። ልጁም እርሷ እስከ ሄደችበት ድረስ አብሯት ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ግን በደብተሩ ውስጥ የለም፤ እርሱን በቃሉ መጨመር የመምህሩ ግዴታ ነው። ለሕፃናት ጥቂት የእውነት ቃላት ይበቃሉ፦ አይሁዳዊት በመሆኗ ብቻ ወደ እስር ሰፈር ተወሰደች፤ በ1945 መጀመሪያ ላይ በበርገን ቤልሰን በተስቦ በሽታ በ15 ዓመቷ ሞተች፤ ከስምንቱም በሕይወት የተመለሱት አባቷ ብቻ ናቸው። ስድስት ሚሊዮን አይሁድ መገደላቸውን፣ እንዴትና በማን ትእዛዝ እንደ ተገደሉ ዕድሜው ሲፈቅድ ይማረዋል።

ማቆየት መዋሸት አይደለም። በአገራችን መርዶ የሚረዳ ሰው ሰዓት ይመርጣል፤ ዘመድ ይሰበስባል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ ይጠነቀቃል። ነገር ግን የሞተውን ሰው «ደኅና ነው» እያለ አይኖርም። መምህርም እንደዚሁ ጊዜውን ይምረጥ፤ ልጁ «ሞተች ወይ?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ግን ክዶ አይመልስለት።

ልጁ ሌላም ጥያቄ ይጠይቃል፤ «የሚረዳት ሰው አልነበረም ወይ?» ይላል። ነበሩ። የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ራሳቸውን ለአደጋ አሳልፈው ሁለት ዓመት ሙሉ ምግብና መጻሕፍት አመላለሱላቸው። ከነርሱም አንዷ ወይዘሮ ሚፕ ኺስ፣ አን ከተያዘች በኋላ ወረቀቶቿን ከወለሉ ላይ ሰብስበው፣ ሳያነቡ በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡ። መሞቷ ሲረጋገጥም ለአባቷ ሰጡ፤ መጽሐፉም በ1947 ታተመ።

ይህ ነገር እኛን፣ በጽሕፈት ሥራ የምንተዳደረውን፣ ከሕፃናቱ ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል። በሆላንድ የአይሁድን ስም በየመዝገቡ የጻፉትና ለገዳዮቻቸው ያመቻቹትም የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የታዘዙትን በደንብ የሠሩ ነበሩ እንጂ። ልጁ ይህን በሰባት ዓመቱ አይረዳው ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና አንድ ቀን ተመልሶ ይጠይቀናል። በዚያን ቀን ሳናፍር እንድንመልስለት፣ ዛሬ የምንነግረው ጥቂት ነገር ሁሉ እውነት ይሁን።