ኃላፊ ብርሃን ስለሚሰጠው ምስክርነት

ሰው ጸንቶ የሚኖረውን ማክበር፣ የሚያልፈውንም መናቅ ልማዱ ነው። ጢስና ጥላ፣ የማለዳም ጤዛ ለከንቱ ነገር ሁሉ ምሳሌ ሆነው ይኖራሉ። ነገር ግን ኃላፊ ነገር እውነትን ሊያስተምር አይችልምን? ለዚህ ጥያቄ የሰማይ ተመራማሪዎች ያዩት አንድ ነገር መልስ ይሰጠናል።

ሚያዝያ 15 ቀን 2001 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009) ስዊፍት የተባለችው ሳተላይት አሰድ ከሚባሉት ከዋክብት በኩል ዐሥር ሰከንድ ያህል የቆየ የጋማ ጨረር ብልጭታ ተቀበለች። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፣ እንዲህ ያለው ብልጭታ የሚወጣው እጅግ ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ በራሱ ላይ ሲደረመስ ነው። ከውስጡም የተወረወረው ነገር በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር ተጋጭቶ ይግላል፤ እሳት ከጠፋ በኋላ በምድጃ እንደሚቀር ፍም፣ እየደከመ የሚሄድ ብርሃንንም ይተዋል።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ በሃዋይ በማውና ኬአ ተራራ ላይ የነበረው የእንግሊዞች ቴሌስኮፕ ወደዚያ ስፍራ ተመለከተ። ዐይን በሚያየው ብርሃን የፈለጉት አላገኙትም፤ ዐይን በማያየው፣ ከቀይ በታች ባለው ጨረር የፈለጉት ግን አገኙት። ብርሃኑ 13 ቢሊዮን ዓመት ያህል ተጉዞ የመጣ ነውና፤ ጠፈር ሲሰፋ ሞገዱ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ተዘርግቶ ነበር። ጊዜውም ከሞገዱ ጋር ተዘርግቷል፤ በዚያ በአንድ ሰዓት የሚሆነው መድከም፣ በእኛ ዘንድ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ታዲያ ከብዙ የብርሃን ነጥቦች መካከል የሚፈለገው በምን ይለያል? በመድከሙ ነው። ከዋክብቱ እንደ ነበሩ ሲኖሩ፣ እርሱ ከሌሊት ወደ ሌሊት ይደበዝዛል፤ ተመልካቹም ይህን አይቶ ያውቀዋል። ስለዚህ ማለፉ ራሱ ምስክሩ ሆነ።

ምናልባት አንድ ሰው፦ «ከጠፋ ዘንድ ማየቱ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያንኑ ስፍራ አጥብቆ ቢመረምር፣ ኮከቡ ይኖርበት የነበረውን ጋላክሲ ሊያይ አልቻለም። እንግዲህ በዚያች ሌሊት የነቃ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ «በዚህ ስፍራ ምንም አልነበረም» በተባለ ነበር፤ ይህም ሐሰት ነው።

በእኛም መካከል ነገሩ እንዲሁ ነው። ትዝታው እየደከመ ያለ ሽማግሌ በጎረቤታችን ሳለ፣ «ነገ እጠይቀዋለሁ» እንላለን። ከተቀበረ በኋላም የርስቱን ወሰን፣ የዕርቁንም ቃል የሚያውቅ ሲታጣ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አልነበረም» ብለን እንፈርዳለን። «አላየሁም» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ «አልነበረም» ማለት ግን ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ኃላፊውን በሰዓቱ ነቅቶ ያልተመለከተ ሰው፣ ስለ መኖሩ ሲጠየቅ አንደበቱን ሊገታ ይገባዋል።