ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ማን ይወርሰዋል?

አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። የወጣውን ስም ማን እንደሚወርሰው ግን አልነገሩንም። በአገር ቤት ሳለን ይህ ጥያቄ እንቅልፍ አይነሳንም ነበር። የቤተሰብ ስም ጥያቄን ያመጣብን ስደትና ቅጽ መሙላት ነው።

እኔን የገጠመኝ እዚሁ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ፣ በትርጉም ሥራዬ ላይ ሳለሁ ነው። አንዲት እናት የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ እንድተረጉምላት ይዛ መጣች። ጉዳይዋን የያዘው መሥሪያ ቤት የአባትን፣ የእናትንና የልጅን ፓስፖርት አይቶ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ስላገኘ፣ በእርግጥ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን አስረጂ ብሏታል። ነገሩ ለእኛ ግልጽ ነው። «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የገባው የእያንዳንዳቸው የአያት ስም ነው። የልጁ አያት የአባቱ አባት ነው፤ የአባትየው አያት ግን ሌላ ሰው ነው። እናቲቱም ብታገባ ስሟን አልለወጠችም። እንግዲህ አንድ ቤት፣ ሦስት የቤተሰብ ስም ማለት ነው።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «በትርጉሙ ላይ ለሦስታችንም የባለቤቴን አያት ስም ቢጽፉልን ምን አለበት? አንድ ቃል ናት፤ ማንን ትጎዳለች?»

ሴትዮዋ ሐሰት እንድጽፍ የጠየቀችኝ እውነት እንዲታመንላት ነው። አንድ ቤተሰብ ናቸውና። ታዲያ ተርጓሚ ታማኝ መሆን ያለበት ለየትኛው ነው? ለቃሉ ወይስ ቃሉ ሊናገረው ላልቻለው ዝምድና? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ የቤተሰብ ስም ራሱ ምን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል።

የእኛና የቻይናውያን ምግብ ቤቶች እየተጎራበቱ በሚገኙባት በኪሊማኒ ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። ቻይናውያን የቤተሰብ ስምን በመያዝ ከዓለም ቀደምት ከሆኑት ሕዝቦች መካከል ናቸው። ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ስማቸው ዋንግ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ሰዎች ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ይኸውም ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ከቆጠረችው ሕዝብ እጥፍ በላይ ነው። ዋንግ፣ ሊ፣ ዣንግ፣ ሊዩና ቼን የተባሉት አምስት ስሞች ብቻቸውን ከአገሪቱ ሕዝብ 30 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ።

ዋንግ ማለት «ንጉሥ» ማለት ነው። ሲጻፍ ሦስት አግድም መስመሮችንና እነርሱን የሚያያይዝ አንድ የቆመ መስመር ይይዛል። የጥንት ሊቃውንቶቻቸው ሦስቱን ሰማይ፣ ሰውና ምድር ብለው ይፈቱና ንጉሥ ማለት ሦስቱን የሚያገናኝ ነው ይላሉ። ይሁንና ስሙ የበዛው በዙፋን ላይ የቆዩ ነገሥታት ስለበዙ አይደለም። እንዲያውም ትውፊታቸው የሚናገረው የተገላቢጦሹን ነው። ከጁ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት የአንዱ ልጅ ከአልጋ ወራሽነቱ ተነሥቶ ዘሮቹ ተራ ሰው ሲሆኑ፣ ሕዝቡ «የንጉሥ ቤት» እያለ ጠራቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 የቺን መንግሥት የቺ መንግሥትን ሲውጥ፣ ከወደቀው ቤት ተወላጆች መካከል በዚሁ ስም የተጠሩ ነበሩ። ስለዚህ ዋንግ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ስም አይደለም፤ ሁለት ዋንጎች ቢገናኙ የግድ የአንድ ደም ልጆች አይሆኑም። ያም ሆኖ የጥንቱ ሥርዓታቸው አንድ የቤተሰብ ስም ያላቸው እንዳይጋቡ ይከለክል ነበር።

እዚህ ላይ አማራው የራሱን ወግ ያስታውሳል። እኛም «እስከ ሰባት ቤት» ቆጥረን ነው የምንጋባው። ጉዳዩ አንድ ሆኖ መንገዱ ተለያየ። ቻይናዊው ትውልዱን በአንዲት ቃል አሳድሮ ከስሙ ፊት አስቀመጣት። እኛ ደግሞ በሽማግሌ አንደበት አኖርነው። የኬንያ ኪኩዩዎችም ሦስተኛ መንገድ አላቸው፤ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ስለሚጠራ አያት በልጅ ልጁ ይመለሳል።

የእኛ ስም ልጁን ከፊት ያስቀድማል፤ አባት ከኋላው ይቆማል። ከዚህም በላይ ስማችን ብዙ ጊዜ ወላጅ በዚያች ሰዓት የተናገረው ቃል ነው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባሉት ከሐዘን በኋላ የተወለዱ ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለውን ስም ለአሥር ትውልድ የቤተሰብ ስም ብናደርገው፣ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ማጽናኛው ብቻ ሲደጋገም ይኖራል።

የውጭው ዓለም ይህን ሳይረዳልን ቆይቷል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ የውጭ ጋዜጦች ጀግናውን «ቢቂላ» አሉት። ክብሩ ሮም ላልሮጠው አባቱ ሆነ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን አንድ ስም ለሁለት ከፍለው «ሥላሴ»ን የቤተሰብ ስም ያደረጉም ጥቂት አይደሉም። የሚደንቀው ደግሞ አበበ ባሸነፈ ማግሥት፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ላይ መዋሉ ነው። የሕጉ 32ኛ አንቀጽ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይሰጣል፤ በአስተዳደር ጽሑፎችም እንደ ቻይናውያኑ የቤተሰቡ ስም እንዲቀድም ያዝዛል። ሕዝቡ ግን በለመደው መጠራቱን ቀጠለ። ሕጉን ንቆ ሳይሆን፣ ስሙ የጎደለው ነገር እንዳለ ስላልተሰማው ይመስለኛል።

ወደ እናቲቱ ልመለስ። የጠየቀችኝን አልጻፍኩም። ወረቀቱን እንዳለ ተርጉሜ ከግርጌው ማስታወሻ ጨመርኩበት፦ በኢትዮጵያ ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት መሆኑን፤ ሴት ስታገባ ስሟን እንደማትለውጥ፤ የእናትየውም ሙሉ ስም በምስክር ወረቀቱ ላይ መስፈሩን ገለጽኩ። ማኅተሜንም አሳረፍኩ። ጉዳይዋ እስኪያልቅ ግን ሁለት ጊዜ ተመላለሰች፤ ሁለት የሥራ ቀንም ቀረባት። ሐቀኛ የሆንኩት እኔ፣ ዋጋውን የከፈለችው እርሷ! ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ፤ ቢሆንም ዳግመኛ ብትጠይቀኝ የምጽፈው ያንኑ ነው። በአንድ ስም ሥር ሰብስቤ ብጽፋቸው ኖሮ፣ ያ መሥሪያ ቤት ቤተሰብ ማለት ስሙ የሚመሳሰል ብቻ ነው ብሎ እንደያዘ ይቀር ነበር። ቀጥላ የምትመጣው እናትም ያንኑ ጥያቄ ትጠየቅ ነበር።

ነገር ግን በሰው ጉዳይ ላይ ሐቀኛ መሆን ቀላል ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለልጄ የትምህርት ቤት ቅጽ ስሞላ፣ በቤተሰብ ስም ቦታ እንደማንኛውም ሰው የአያቷን ስም ጻፍኩ። ልጄ ከትከሻዬ ላይ ሆና አነበበችና «አያቴን አውቃለሁ፤ የእሱ አባትስ ማነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «የእሱስ?» አለች። አራተኛው ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። የቤተሰብ ስም አያስፈልገንም፣ ቆጠራ አለን ስል የኖርኩት ሰው መቁጠር አልቻልኩም።

በዚያው ምሽት ደብረ ማርቆስ ያሉትን አጎቴን ደወልኩላቸው። ሰባቱንም እያረፉ ቆጠሩልኝ፤ ስድስተኛው ካሳ ይባል ነበር። ለምን ካሳ እንደተባለ ስጠይቃቸው «ከእሱ በፊት የተወለደው ሞቶባቸው ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ሁሉንም በደብተሯ ጻፈች።

እንግዲህ በባዕድ አገር ቅጽ ላይ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ መጻፍ ክህደት አይመስለኝም። ቅጹ ቦታ አለው፤ ቦታው መሞላት አለበት። የዋንግ ተወላጅ የአባቶቹን ታሪክ ቢረሳ እንኳ ስሙ አንዳች ነገር ይዞለት ይዘልቃል። የእኛ ስም ግን ከሦስተኛው ሰው ወዲያ የሚዘልቀው የሚናገር አንደበት ሲያገኝ ብቻ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ እውነት ነው፣ የሚቆጥርለት ልጅ ካገኘ።