ዝምታችን ምሕረት ነውን?

ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ለብዙ ዘመን ሲያክም በኖረበት በጉለሌ፣ ድውያንን የሚጐበኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር ወንድማችን ሲጋራ ሲያጨስ ስናይ፣ «ስንቱን የተሸከመ ሰው ነው፤ ይህችን መጽናኛ አንንፈገው» ብለን ዝም እንላለን። ይህ ምሕረት ነውን?

ሕመሙ ፈጥኖ ይገድል በነበረበት ዘመን አነጋገሩ ርኅራኄ ነበረበት። ነገር ግን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ ይታደላል፤ በአግባቡ የሚወስደውም ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል። በ2005 ዓ.ም. የታተመ የዴንማርክ ጥናት እንዳመለከተው፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ የሚያጨሱ ሰዎች ከቫይረሱ ይልቅ በትምባሆ የሚያጡት ዕድሜ ይበልጣል። ትምባሆ ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል። እንግዲህ የዛሬው ዝምታችን «መሞቱ አይቀርም» የሚል ስውር ፍርድ ይሆናል።

ወቀሳም አይፈውስም፤ ይህ ሰው ነቀፋ ጠግቧልና። ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን መንገደኛ «ስለ ምን በዚህ መጣህ?» አላለውም፤ ቍስሉን አስሮም በመንገድ አልተወውም። እስከ እንግዶች ማደሪያ አደረሰው፤ ሲመለስም የጐደለውን ሊከፍል ቃል ገባ። እኛም ሲጋራውን የሚተውበትን ቀን ከወንድማችን ጋር እንምረጥ፤ ወደ ጤና ጣቢያ አብረነው እንሂድ፤ ቢወድቅም ዳግመኛ አብረነው እንጀምር።