የድፍድፍ ዋጋ ለምትተነብየው ልጄ

ልጄ፣ ሞዴልህን አይቻለሁ። የኒውራል ኔትወርኩ ትንበያ ከእውነተኛው የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ጋር ተጣብቆ ሲሄድ ደስ ያሰኛል፤ ድካምህንም አከብራለሁ። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ግራፉን ጠጋ ብለህ እየው። ዋጋው ሰኞ ከዘለለ ያንተ መስመር የሚዘለው ማክሰኞ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ኔትወርኩ የተማረው «የነገው ዋጋ የዛሬው ነው» ማለትን ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ይህን ደግሞ ማንም ያለ ኮምፒውተር ይለዋል። መጀመሪያ ይህችን ተራ ግምት አሸንፋት። ቀላል እንዳይመስልህ፤ ስንት የተማረ ኢኮኖሚስት ተቸግሮባታል። ትንበያህን ገበያው ሳይከፈት፣ ቀኑን ጽፈህ በየዕለቱ ላክልኝ፤ ውጤቱን አብረን እናያለን።

ዳታህንም መርምር። ዋጋውን ለማለስለስ ሙሉውን ተከታታይ አንድ ላይ አጣርተህ፣ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ የከፈልከው ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ተማሪው መልሱን አይቶ ነው ፈተና የገባው።

ከሁሉ በላይ እንድታስብበት የምፈልገው ግን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የሆነውን ነው። በኮሮና ምክንያት ዓለም ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል፤ ነዳጅ ፈላጊ አጥቷል። በኒውዮርክ ገበያ ደብሊው ቲ አይ የሚባለው የአሜሪካ ድፍድፍ የሜይ ወር ውል ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የአንድ በርሜል ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ላይ ዘጋ። ሻጩ ገንዘብ ጨምሮ «ውሰድልኝ» አለ ማለት ነው። ውሉን እስከ መጨረሻው የያዘ ሰው ድፍድፉን ኦክላሆማ፣ ኩሺንግ ላይ በአካል መረከብ አለበት፤ በዚያ ያሉት ማጠራቀሚያዎች ደግሞ ወይ ሞልተዋል፣ ወይ ቀድመው ተከራይተዋል። ይህ ውል ገበያ ላይ ከዋለበት ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከዚያ ቀን ዋዜማ ያለውን ዋጋ ሁሉ ብትመግበው፣ ኔትወርክህ እንዲህ ያለ ቀን አያገኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ማሽንህም በለመደው ይጸናል። ዋጋውን በሎጋሪዝም ቀይረህ ከሆነማ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሒሳቡን ራሱን ያፈርሰዋል። ስለዚህ በዋጋ ብቻ አትወሰን። የአሜሪካ መንግሥት በየሳምንቱ የሚያወጣውን የኩሺንግ ክምችት ተከታተል፤ የውሉን ማብቂያ ቀን እወቅ፤ ቧንቧውንና ማጠራቀሚያውን የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቅ።

በትንበያህ ስለምትነግድበት ገንዘብም ልጨምርልህ። አንድ ውል 1,000 በርሜል ነው። የምታስይዘው ጥቂት ነው፣ የምትሸከመው ግን ሙሉውን ነው፤ ዋጋው 1 ዶላር ሲወርድብህ 1,000 ዶላር ይሄዳል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላሉ እናቶቻችን። ሙከራህን ያለ ገንዘብ ቀጥል፤ አልከለክልህም። ለእናትህ በየወሩ የምትልከውን ግን ከምትነግድበት ሒሳብ ዛሬውኑ አውጣው።